የዮጋ አስተማሪያችሁ ዝግ ማለት ስትጀምር ምን ሆና ነው?

«አስተማሪያችን ደክማለች።»

ይህ አባባል ባለፈው ክረምት፣ ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ በምንሰበሰብባት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ከረመ። ከስምንት ዓመት በፊት በክንዶቿ ቆማ እግሮቿን ወደ ጣሪያ ሰቅላ ታስደንቀን የነበረች ሴት ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በመካከላችን እየተዘዋወረች ታየናለች። ድሮ በአንድ ሰዓት ሠላሳ ያህል የሰውነት አቋም ታሠራን ነበር፤ አሁን ስምንት ወይም ዘጠኝ ነው፤ በየመሀሉም ዝም ትላለች። «ከፍለን የምንመጣው ለመተኛትና ለመተንፈስ ነው እንዴ?» ያሉ ነበሩ። ሁለት ሰዎች በዚሁ ምክንያት ቀርተዋል።

ቅሬታው ከክፋት የመጣ አይደለም። ሯጭ ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ ኳስ ተጫዋች መሮጥ ሲያቅተው ዕድሜው እንደ ገፋ እንረዳለን፤ የዮጋ አስተማሪንም በዚያው ዓይን ማየት ይቀናናል። እኔም ለጥቂት ወራት እንዲያው አስቤ ነበር። ጠይቄ፣ አንብቤ፣ በራሴ ሰውነት ላይም አይቼ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው። የተለወጠው የአስተማሪዋ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ነው። ያኔ ራሷን ታይ ነበር፤ አሁን እኛን ታያለች።

ለመሆኑ ዮጋ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቃሉ የመጣው ሳንስክሪት ከተባለው የጥንት የሕንድ ቋንቋ ነው። ሥሩ «ዩጅ» ሲሆን ትርጉሙ መጥመድ፣ ማጣመር ነው። ገበሬ ሁለት በሬዎችን በአንድ ቀንበር ጠምዶ በአንድ ትልም እንደሚያስኬድ፣ ዮጋም ሰውነትንና ሐሳብን በትንፋሽ አጣምሮ ማስኬድ ነው ብንል ከቃሉ ሥር አንርቅም።

በዮጋ ክፍል ውስጥ ሦስት ቃላት ይደጋገማሉ። «አሳና» የሰውነት አቋም ማለት ነው፤ የጥንት ትርጉሙ ግን መቀመጥ ነበር። «ፕራናያማ» የትንፋሽ ልምምድ ነው። «ሻቫሳና» ደግሞ በመጨረሻ ላይ በጀርባ ተንጋሎ ጸጥ ማለት ነው። ፓታንጃሊ የተባለው የጥንት ሕንዳዊ ሊቅ ዮጋን በስምንት ክፍሎች ሲያስቀምጥ አሳና ሦስተኛው ብቻ ነበር። ከእርሱ በፊት የጠባይና የራስ ሥርዓት፣ ከእርሱ በኋላ ትንፋሽ፣ ስሜትን መሰብሰብ፣ ትኩረትና ተመስጦ ይመጣሉ። በፎቶግራፍ የምናየው እግር ተሰቅሎ ጀርባ ተለምጦ ያለው ዮጋ ከስምንቱ አንዱ ነው። አስተማሪ ከዓመታት በኋላ ወደ ሌሎቹ ብታዘነብል ከዮጋ ወጣች ማለት አይቻልም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰኔ 14 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁን 21) ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን እንዲሆን የወሰነው በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ጉዳዩ በዜና ይነሣል። ዩኔስኮ ደግሞ ዮጋን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው በኅዳር 2009 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ነው፤ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነበር። የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሐዋሳ ላይ ዮጋ የሚሠራ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

አዲስ አስተማሪ ለምን ብዙ ታሳያለች?

ያላት እርሱ ስለሆነ ነው። በብዙ አገሮች ለአስተማሪነት እንደ መነሻ የሚቆጠረው የ200 ሰዓት ሥልጠና ነው፤ መለኪያውን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚሠራው ዮጋ አሊያንስ የተባለ የአሜሪካ ማኅበር ነው። 200 ሰዓት በመደበኛ የሥራ ሰዓት ሲሰላ አምስት ሳምንት ነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ የአቋሞቹን ስምና ቅደም ተከተል፣ ጥቂት ስለ አጥንትና ጡንቻ፣ ጥቂት ስለ ታሪኩ መያዝ ይቻላል። የሰው ሰውነት አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚለይ ማወቅ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ አይሞከርም።

ስለዚህ ጀማሪዋ ሁለት ነገር ይዛ ትቆማለች፤ የራሷን ሰውነትና የአስተማሪዋን ቃል። ሰውነቷን ታሳያለች፤ ቃሉን ትደግማለች። ዝምታ ያስፈራታል፤ ጸጥ ካለች የማታውቅ ይመስላታል። የእኛም አስተማሪ በመጀመሪያው ዓመት እጇ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈችውን ቅደም ተከተል ሰረቅ አድርጋ ስታይ አይቻታለሁ።

በዚህ አያፍሩባት። የአብነት ትምህርት ቤቱን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ በቃሉ ይይዛል። ከዚያ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሲቆጥር ውሎ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። የራሱን የሚዘርፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በቃሉ ሲይዝ የከረመበትን ጊዜ ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥርበትም፤ ጉድለት የሚሆነው እዚያው ከቀረ ነው። የዮጋ አስተማሪም እንደዚሁ ናት።

ሰውነቷ ምን ይነግራታል?

የአስተማሪዋ የግል ልምምድ መለወጥ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በሕመም ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሰውነት ሲዘረጋ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል።

ዮጋ የጀመረ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን መንካት ሲችል ጡንቻው የረዘመ ይመስለዋል። በአብዛኛው የሆነው ግን ሌላ ነው። ጡንቻ ሲሳብ ነርቭ «በቃ፣ ከዚህ አትለፍ» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ልምምድ ሲደጋገም ያ ምልክት ዘግይቶ መምጣት ይጀምራል። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ስለ ለመደን አሳለፈን እንጂ ግቢው አልሰፋም።

ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ሊጠነክር ይችላል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን የሚደርሰው ደም አነስተኛ ስለሆነ የሚለምደው በወራት ነው፤ ሲጎዳም የሚድነው እንደዚሁ ቀስ ብሎ ነው። እንግዲህ አንዲት ተጣጣፊ አስተማሪ በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ እግሮቿን ዘርግታ ወደ ፊት ስትተኛ አስቡ። የጭን የኋላ ጡንቻ ከመቀመጫ አጥንት ጋር የሚያያዝበት ጅማት በተቀመጠች ቁጥር በዚያው ቦታ ላይ ይሳባል፤ ይጫናልም። አንድ ቀን ወንበር ላይ ስትቀመጥ እዚያው ቦታ ላይ ስለት የመሰለ ሕመም ይሰማታል። ይህ ለረጅም ጊዜ ዮጋ በሠሩ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ጉዳት ነው። የእኛ አስተማሪ ለአንድ ዓመት ያህል ባጃጅ ላይ ስትሳፈር በአንድ ጎኗ ብቻ ትቀመጥ እንደነበር የነገረችን ከዳነች በኋላ ነው።

ለአስተማሪዎች የተለየ ሌላ ችግርም አለ። አስተማሪ የምታሳየው እያወራች፣ ሰውነቷ ሳይሞቅ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጎን ብቻ ነው። ተማሪው ቀኝና ግራውን ሲሠራ እርሷ ቀኙን አሳይታ ግራውን ለማየት ትነሣለች። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን እንዲህ ስታደርግ ዓመቱን ሙሉ ቀኝ ጎኗን ስትስብ ትከርማለች። ሦስት ክፍል አስተምራ ማታ ቤቷ የገባች ሴት ደግሞ ለራሷ ልምምድ የሚሆን ጉልበት አይተርፋትም። ይህን ብዙ ተማሪ አያስበውም፤ አስተማሪ ስታስተምር የሠራች ይመስለናል። ማስተማርና መሥራት ግን የተለያዩ ናቸው።

ዕድሜም አለ። ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ የጡንቻ መጠን ቀስ በቀስ መቀነስ ይጀምራል፤ ሴቶች የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንታቸው ከቀድሞው በፈጠነ ሁኔታ ይሳሳል። ይህን የሚያዘገየው ሸክም ያለበት ሥራ ነው፤ መሳሳቡ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ የበሰለች አስተማሪ የግል ልምምድ ከሩቅ ሲያዩት የቀነሰ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን በአንድ እግር ረጅም ጊዜ መቆም፣ ቀስ ብሎ መውረድና ቀስ ብሎ መነሣት የበዛበት ነው። ሞክሩት። ከወንበር ላይ በአምስት ትንፋሽ ልክ ቀስ ብሎ መቀመጥ ዝላይ ያለበትን፣ የፀሐይ ሰላምታ የሚባለውን ተከታታይ አቋም ከመድገም ይልቅ ጭንን ያንቀጠቅጣል።

የትንፋሹም ነገር እንዲሁ ነው። አዋቂ ሰው ሲያርፍ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ይህ ወደ ስድስት ያህል ሲወርድ የልብ ምት ከትንፋሹ ጋር ጎልቶ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ አየር ስናስገባ ምቱ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። አስተማሪዎች «ማስወጣቱን አስረዝሙ» የሚሉት ሰውነት እንዲረጋጋ ምልክት የሚሰጠው ያኔ ስለሆነ ነው። ተኝተን መተንፈስ ብቻ ሆነ ያልነው ይህንን ነበር።

በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ታይቷል?

ታይቷል፤ ያውም ዛሬ በዓለም ላይ የተስፋፋው ዮጋ ከጅረቱ በተቀዳበት ሰው ሕይወት። ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ እ.ኤ.አ. በ1888 ደቡብ ሕንድ ውስጥ ተወልዶ በ1989 ያረፈ፣ አንድ መቶ ዓመት የኖረ መምህር ነው። በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ሲያስተምር ተማሪዎቹ በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ ትምህርቱም እንደ ተማሪዎቹ ዝላይና ፍጥነት ያለበት ብርቱ ሥራ ነበር። በኋላ በ1950ዎቹ ወደ ቼናይ ሲዛወር ወደ እርሱ የሚመጡት የታመሙ፣ ያረጁ፣ ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ሆኑ። አንዱን ከሌላው ሳይቀላቅል፣ ለያንዳንዱ እንደ ሰውነቱና እንደ ዕድሜው፣ ትንፋሽን መሠረት አድርጎ ማስተማር ያዘ።

ተማሪዎቹ በየትኛው ዘመን እንደ ደረሱበት ያስተማሩትም ተለያየ። በማይሶር ዘመን የተማረው ፓታቢ ጆይስ ብርቱውንና በተከታታይ የሚሠራውን አስፋፋ። ከላትቪያዋ ሪጋ የመጣችው ኢንድራ ዴቪ ለስለስ ያለውን ይዛ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሆሊውድ ውስጥ ማስተማሪያ ከፈተች። ልጁ ዴሲካቻር ምሕንድስና አጥንቶ በ1960ዎቹ አባቱ ዘንድ ሲቀመጥ ያገኘው የኋለኛውን፣ ለየሰው የሚለካውን ትምህርት ነው። አንዱ ጀበና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደሚቀዳበት ነው። አቦሉን የጠጣና በረካውን የጠጣ ሰው ቡናው እንዴት እንደ ነበር ሲነጋገሩ ላይግባቡ ይችላሉ፤ ቡናው ግን አንድ ነው።

አራተኛው ተማሪ ኢየንጋር ለእኛ አዳራሽ ይበልጥ ይቀርባል። በልጅነቱ የሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ በብዙ በሽታ የተዳከመ ነበር። በ1937 ወደ ፑኔ ከተማ ሄዶ ማስተማር ከጀመረ በኋላ ሰውነታቸው እንቢ ለሚላቸው ተማሪዎች የእንጨት ጡብ፣ ቀበቶ፣ ገመድ፣ ወንበር አቀረበ። እስከ 95 ዓመቱ ሲኖር እርሱም በእነዚሁ ተደግፎ መሥራቱን ቀጥሏል። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ በአንዲት አዳራሽ ጥግ ተደርድረው ያሉት የፕላስቲክ ወንበሮች ከዚያ ሐሳብ የመጡ ናቸው።

ማስተማሩስ በምን ይለወጣል?

በመጀመሪያ የሚቀረው ማሳየት ነው። የምታሳይ አስተማሪ ተማሪዎቿን አታይም፤ ራሷን ወደ ታች አድርጋ እግሯን ሰቅላ ማን ጉልበቱን እንዳጣመመ ልታውቅ አትችልም። መኪና መንዳት የሚማር ሰው ዓይኑ ማርሹ ላይ ነው፤ እጁ ሲለምድ መንገዱን ማየት ይጀምራል። የእኛ አስተማሪ ቆማ ስታየን ያረፈች መስሎን የነበረው መንገዱን ማየት የጀመረችበት ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የሚለወጠው «ትክክል» የሚለው ቃል ነው። እግር አነባብሮ መቀመጥን ውሰዱ። የጭን አጥንት ከዳሌ ጋር የሚገጥምበት ጉድጓድ በአንዱ ሰው ጠለቅ ያለ፣ በሌላው ጥልቀቱ አነስ ያለ ነው፤ የአጥንቱ አንገትም የሚዘምበት ማዕዘን ከሰው ሰው ይለያል። ዳሌው የማይዞርለት ሰው እግሩን በግድ ወደ ላይ ቢስብ መጠምዘዙን የሚሸከመው ጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ ለመጠምዘዝ አልተሠራም። ይህ አጥንት ነው፤ በልምምድ ብዛት አይለወጥም። አዲስ አስተማሪ «ትንሽ ጠንክር» ትላለች። አጥንት የገባት አስተማሪ ብርድ ልብስ አጥፋ ከመቀመጫ ሥር ታስገባለች።

ባለፈው ጥር አንዲት በ60ዎቹ ውስጥ ያሉ እናት መጡ። ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው። መሬት ላይ ለመቀመጥ ሲሞክሩ ግማሽ ላይ ቆሙና፣ «ልጄ፣ ይህ ጉልበት እኮ አይታጠፍልኝም» አሉ። አስተማሪያችን ወንበር አምጥታ፣ «እማማ፣ አይታጠፉ። እዚህ ይቀመጡ፤ እግርዎን ብቻ መሬት ላይ ጫን ያድርጉ» አለቻቸው። ከዚያ አጎንብሳ የተረከዛቸውን ቦታ በሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ አስተካከለች። «አሁን እጅዎን ሳይጠቀሙ ይነሡ።» ተነሡ። እንደገና ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። የዚያን ቀን ትምህርታቸው ይኸው ነበር፤ ሰባት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ። በመጨረሻ ልጃቸውን፣ «ሽንት ቤት እንዲህ ነው እንግዲህ የምነሣው» ሲሏት ሰማሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ብትሆን አስተማሪያችን ለእርሳቸው የምትሰጠው ነገር አልነበራትም፤ ይህን ራሷ ነግራናለች።

የበሰለች አስተማሪ ከማሠራቷ በፊት ትጠይቃለች። ግላኮማ የተባለ የዓይን በሽታ ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ወደ ታች ሲያደርግ የዓይኑ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለም መጠንቀቅ አለበት። እጅ ማሳረፍም እንዲሁ ነው። ድሮ ጀርባችንን ገፋ ታደርግ ነበር፤ አሁን «ልንካሽ?» ትላለች፤ እንቢ ስንላትም በቃል ትነግረናለች።

ከተማዋስ ምን ታስተምራታለች?

ይህን ክፍል በሥልጠና ወረቀት ላይ አታገኙትም። ተማሪዎቿ ከየት እንደሚመጡ ስታውቅ ትምህርቷ ይለወጣል። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ከስፌት መኪና ላይ ተነሥታ የመጣች ልጅ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት አጎንብሳ ውላለች፤ እንደገና አጎንብሽ ማለት ድካሟን መድገም ነው፤ ደረት የሚከፍትና ትከሻ የሚያሳርፍ ያስፈልጋታል። የባጃጅ ሹፌሩ የቀኝ እጁ አንጓ ነዳጅ ሲጠመዝዝ የዋለ ነው፤ በመዳፍ ላይ መቆም ለእርሱ በጡጫ ይሆናል። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና የምታፈላ ሴት በሌላ በኩል ብዙ የቢሮ ሠራተኛ የሚቸገርበትን ዳሌ ማጠፍ ሳትማር ታውቀዋለች።

ጾሙም አለ። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የሚመጡ ጿሚዎች እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በኋላ ውኃ እንኳ አይቀምሱም፤ በረመዳንም እንዲሁ ቀኑን ሙሉ የሚጾሙ አሉ። አስተማሪያችን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ሳታስብ የምታልብ ትምህርት ትሰጥ ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ልጅ ዓይኑ ጨለመበትና ወደቀ። አሁን በሁዳዴ ክፍሉን ወደ ምሽት ታዛውራለች ወይም ታለሳልሳለች። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ሲሰግዱ የዋሉ ጉልበቶችና ጀርባዎች ስለሚመጡ፣ ያን ሳምንት እግርን ግድግዳ ላይ አሳርፎ መተንፈስ ብቻ ነው።

ሃይማኖቱስ?

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ሁልጊዜ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ዮጋ የበቀለው ከሂንዱ፣ ከቡድሂስትና ከጃይን እምነቶች ጋር ተሳስሮ ነው፤ ይህን መደበቅ ተማሪን ማታለል ይሆናል። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሰጠው ትምህርት ግን የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ትንፋሽና ዕረፍት ነው። አንዳንድ አስተማሪዎች የሳንስክሪት ዜማ ያስገባሉ፤ አንዳንዶች አያስገቡም። የእኛዋ ስትጀምር በሥልጠናዋ እንደ ተማረችው «ኦም» የሚለውን ከእነዚያ እምነቶች የመጣ ቅዱስ ድምፅ እያስባለች ትከፍት ነበር። ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ግማሹ አፉን ዘግቶ መሬት መሬት ሲያይ አስተዋለችና ተወችው። አሁን የምትለው «ትንፋሻችሁን ስሙ» ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ለሚጨነቅ ሰው ቀላሉ መንገድ ከመመዝገቡ በፊት ምን እንደሚባልና ምን እንደማይባል አስተማሪዋን መጠየቅ ነው።

እንግዲያው ለውጥ ሁሉ በጎ ነው?

አይደለም። አስተማሪ የራሷን ጉዳት በተማሪዎቿ ሁሉ ላይ ልታየው ትችላለች። ትከሻዋ የታመመ ሴት ለ20 ዓመት ልጅ ትከሻውን እንዳያሠራ ብትከለክለው ጥንካሬ መገንባት ያለበትን ዕድሜ ታባክንበታለች። ወጣትነቷ «እንደ እኔ ሁኑ» እንዳስባላት ሁሉ ዕድሜዋም «እንደ እኔ ሁኑ» ሊያስብላት ይችላል። መብሰሏ የሚታወቀው በአንድ ክፍል ውስጥ ለሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ስትሰጥ ነው። የሰለቻት አስተማሪም ዝም ትላለች፤ ግን ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አዳራሹ ውስጥ አሥራ አራት ነበርን። እማማ ጥግ ላይ ወንበራቸውን ይዘው ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፤ አሁን አሥራ ሁለት ደርሰዋል። ከእርሳቸው ፊት ለፊት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በክንዶቹ ለመቆም ግድግዳ ተደግፎ ይታገላል። አስተማሪያችን በሁለቱ መካከል ቆማ ነበር። ልጁ ሁለቴ ወደቀ፤ ምንም አላለችውም። ሦስተኛው ላይ ጠጋ ብላ፣ «ጣቶችህን ዘርጋ፤ መሬቱን ግፋው» አለችውና እጇን ሳታሳርፍበት ቆመች። እግሮቹ ከግድግዳው ለቀቁ።